ዋስ ያጣ ቃል

ሊይዙኝ ሲመጡ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ቃለ ጽሕፈት እያስጻፍኩ ነበር። አሥር አለቃው በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀና፣ "መምህር፣ ይጨርሱ፤ እንጠብቃለን" አለኝ። በእንዲህ ያለ አክብሮት የሚይዝህን ሰው ምን ትለዋለህ? ጨረስኩ። ምን እንዳስጻፍኩ ግን ዛሬም አላስታውስም። ደወሉ ሲደወል እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ተከተልኩት። አርብ ስለነበረ የቡታጅራ ገበያ ሞልቷል። ቆጮ የተሸከሙ ሴቶች መንገድ ለቀቁልን፤ አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ያን ጊዜ ነው መታሰሬ የገባኝ።

የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ቁመቱ ስድስት እርምጃ፣ ወርዱ አራት ነበር። ገና ስገባ ለካሁት፤ እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል፣ ቸኩሎ የተፈጠረ ሰው ነኝ። የጭቃው ግድግዳ እስከ ሰው ትከሻ ድረስ በእስረኛ ጀርባ ተሻሽቶ ወዝቷል። የቆርቆሮው ጣሪያ ፀሐይ ሲነካው ይንጫጫል። የሽንትና የእርጥብ ጭድ ሽታ አለ። ጥግ ላይ ጋቢ የለበሱ፣ እግራቸው ጭቃ እንደያዘ የደረቀ አንድ ገበሬ ተቀምጠው አየሁ።

"ጋዜጣ ላይ የጻፉት መምህር እርስዎ ነዎት?" አሉኝ።

"ነኝ።"

"የልጅቷ አባት ነኝ።"

ከእርምጃዬ ቆምኩ። አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር። በግቢው ውስጥ ጉራጊኛ ሲናገር የተሰማ ተማሪ ጠጠር ላይ ይንበረከካል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሁለት እጁ ወደ ላይ ይይዛል። የእኚህ ሰው ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከጓደኛዋ ጋር ስትሳሳቅ በእናቷ ቋንቋ አንዲት ነገር ብላ ተያዘች። ከጠዋት እስከ ቀትር ተንበረከከች። ጉልበቷ መገለ። ሁለት ሳምንት ከቤት ሳትወጣ ስትቀር ዳይሬክተሩ "በመቅረት" ብሎ ስሟን ከመዝገብ ሰረዘ። የሚኒስትሪ ፈተናው ደርሶ ነበር።

ተናደድኩና አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ ጻፍኩ። አወጡት። የትምህርት ቤቱን ስም፣ የዳይሬክተሩን ስም፣ የልጅቷንም ስም ደብቄያለሁ ብዬ ስኮራ ነበር። ግን ምን ብዬ ጻፍኩ? "ከቡኢ በኩል መጥታ አጎቷ ቤት ተቀምጣ የምትማር፣ ከሁለቱ የስምንተኛ ክፍል ሴቶች አንዷ።" ስም መደበቅ ለአዲስ አበባ ሰው ይሠራል። ቡታጅራ ላይ ጋዜጣው ከአውቶቡስ በወረደ በሰዓቱ ልጅቷን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ማንን እንደሚይዙ ያመለከትኳቸው እኔው ነኝ።

ይህን ለአባትየው ነገርኳቸው። ይቅርታም ጠየቅኩ። እግራቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ እየፋቁ ሰሙኝ።

"እንሰት እያዛወርኩ ነው የያዙኝ" አሉ በመጨረሻ። "የተነቀለው ፀሐይ ላይ ቀርቷል። እሱ ይሁን። ሰኞ የተፈታኞች ስም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል ይላሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እንግዲያ ሁለት ቀን አለን።"

ከዚያ በኋላ እኔ ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆይተው፣ "መምህር፣ እባክዎ ይቀመጡ፤ አዞሩኝ" አሉ። ተቀመጥኩ። ወዲያው ተነሳሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥር አለቃው በታይፕ የተመታ ወረቀት ይዞ መጣ። ማስተባበያ ነው። ዳይሬክተሩ አዘጋጅቶታል፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። አባትየው ማንበብ አይችሉምና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ተማሪዋ የወደቀችው መንገድ ላይ መሆኑን፣ በትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ ቅጣት አለመኖሩን፣ ጸሐፊው መጸጸቱን ይናገራል።

"ያለፉት ነገር አለ" አሉኝ።

"የቱ?"

"መሀል ላይ ምራቅዎን ዋጡ።"

እውነታቸውን ነበር። የዘለልኩትን አነበብኩ፦ "አባቷ በሐሰት አሳስተውኝ ነው።" ራሳቸውን ነቀነቁ። አሥር አለቃው መሬት መሬት ያያል፤ መጥፎ ሰው አልነበረም።

"ካልፈረምኩስ?" አልኩት።

"ሕዝብ በማነሳሳት ተብሎ ሁለታችሁም ወደ አውራጃው እስር ቤት ትላካላችሁ። ከፈረሙ ግን ትፈታላችሁ። ልጅቷም ትፈተናለች ብለዋል ዳይሬክተሩ።"

"የት ላይ ብለዋል? ወረቀቱ ላይ የለም።"

"በአፋቸው ነዋ።"

አባትየው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ውሸታም ቢሉኝ እችለዋለሁ" አሉ። አማርኛቸው የቡኢ ለዛ አለው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። "ልጄ ከተፈተነች ውሸታም ልባል። ግን ፈርመውላቸው ባያስፈትኗትስ? በእኛ አገር የአፍ ቃል ዋስ ይጠራበታል። አሥር አለቃ፣ ሽማግሌ ይጠሩልን።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። በጣቢያው ግቢ ባሕር ዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደረገላቸው። እኔና አባትየው ፊት ለፊታቸው ቆምን። አጥሩን ተደግፎ የከተማው ሰው ያያል። ነጋዴዎች አሉ፣ የትምህርት ቤታችን መምህራን አሉ። ዳይሬክተሩ ካፖርቱን ለብሶ መጣ። እሱና እኔ ያገር ልጆች ነን፤ ሁለታችንም ከሰሜን ተመድበን የመጣን፣ የአንድ አውራጃ ሰዎች። እኔ ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። እሱ ሰባት ዓመት ኖሯል።

"ለእነሱው ብዬ ነው" አለ ለሽማግሌዎቹ። "አማርኛቸው ካልጠራ የት ይደርሳሉ? ይኼ ግን ከተማችሁን በጋዜጣ አዋረደ።" እንደሚያምንበት ያስታውቃል። ይበልጥ ያናደደኝ እሱ ነው።

ትልቁ ሽማግሌ አልተከራከሩትም። "ልጅቷ ነገ ስሟ ይገባል?" ብቻ አሉ።

"ይገባል።"

"መልካም። ዋስ ይጥሩ።"

ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ። "እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ቃሌ ይበቃል።"

"ለመንግሥት ይበቃ ይሆናል" አሉ ሽማግሌው። "ለእኛ ዋስ ይጥሩ።"

ወደ አጥሩ ዞረ። መጀመሪያ ጨርቅ ነጋዴውን አየ። ነጋዴው ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ወሬ ጀመረ። መምህራኑን አየ። አንዱ ጫማውን ይመረምራል። ሰባት ዓመት በኖረበት ከተማ እጁን የሚያነሳ አንድ ሰው ጠፋ። አንገቱ ሲቀላ አየሁ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። እሰይ አልኩ በልቤ።

ከዚያ አባትየውን አየሁ። መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ ሐሳቤ ተገለበጠ። ዋስ ከጠፋ እርቅ የለም። እርቅ ከሌለ ዳይሬክተሩ ተዋርዶ፣ ተናዶ ነው ቤቱ የሚገባው። ነገ ዝርዝሩ ያለ ልጅቷ ይሄዳል።

"ዋሱ እኔ ነኝ" አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ፣ "እስረኛ ላሳሰረው ሰው ዋስ ይሆናል እንዴ?" አሉ።

አባትየው ቀና አሉ። "ታዲያ እዚህ አገር ሌላ ማን አላቸው? ያገራቸው ልጅ መምህሩ ናቸው።" አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሳቀ።

ትልቁ ሽማግሌ አልሳቁም። "ልጄ" አሉኝ፣ "ቸኩለህ እንዳይሆን። እሳቸው ቃላቸውን ካጠፉ መጀመሪያ የምንይዘው አንተን ነው። እሳቸው እስከጠበቁ ድረስ ደግሞ በክፉ አታነሳቸውም። በአፍህም በጋዜጣህም። ካነሳህ እዚህ የቆምን ሁሉ እንዋረዳለን። ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል" አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አወጣ። "ይኼስ?" አለ።

"እርቅ ከወረደ ወረቀት ምን ያደርጋል?" አሉት ትልቁ ሽማግሌ። አጥፎ ካፖርቱ ኪስ ከተተው። እጁን ሰጠኝ፤ ላብ አጥምቆታል። በሕይወቴ እንደዚያ የጠላኝ ሰው አላስታውስም።

ከዚያው ግቢ ተፈታን። አባትየው ትከሻዬን ስመው በእግራቸው ወደ እንሰታቸው ሄዱ። ሰኞ ልጅቷ ስሟ ገባ። ተፈተነች፤ አለፈችም። ዳይሬክተሩ ቃሉን ጠበቀ።

ከእርቁ ወር ያህል ቆይቶ ከጋዜጣው ደብዳቤ ደረሰኝ። "ያ ጉዳይ ከምን ደረሰ? አንባቢዎች ይጠይቃሉ፤ ተከታዩን ላኩልን" ይላል። ደብዳቤውን ይዤ በመስኮት ስመለከት ባንዲራው ሥር ሦስት ልጆች ተንበርክከዋል። ድንጋዩን ይዘዋል። ወረቀት አወጣሁ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ቆምኩ። ዳይሬክተሩ የገባው ቃል ስለ አንዲት ልጅ ነው። ስለ ደንቡ ማንም አልጠየቀውም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እኔም አልጠየቅኩትም። ደብዳቤውን ሳልመልስ ቀረሁ። በዓመቱ ወልቂጤ ተዛወርኩ።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ መንግሥታት ተለዋውጠው፣ አባትየው አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት ማረፋቸውን ሰማሁና ለቅሶ ሄድኩ። ልጅቷ ራሷ ጡረታ የደረሰች መምህርት ሆናለች። አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"አባዬ 'ዋስ ሆኖ ያስፈተናት' እያለ እስከ መጨረሻው ሲያወራልዎት ነበር" አለችኝ። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የምታዞረውን ሴት በዓይኗ አሳየችኝ። "ታናሼ ናት። እሷም እዚያው ገብታ ነበር፤ ከእኔ በኋላ። ጠጠሩን አልቻለችውም። ስድስተኛ ላይ ትታ ወጣች።"

ክፋት አልነበረባትም፤ የቤተሰብ ወሬ እያወራችልኝ ነው። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ሳለ ተነሳሁና ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ሰሃኑን እንደያዘች ቆመች።

"እኔ በዚያን ጊዜ እዚያ አስተምር ነበር" አልኳት። "እናንተ ስትንበረከኩ እያየሁ ዝም አልኩ።"

ፊቴን ትንሽ አየችኝ።

"አውቅዎታለሁ" አለች። "መስኮቱ ላይ ይቆሙ ነበር። ይዝገኑ።"

ዘገንኩ።