ታዲያ ማን ከፈተው?

ጊንጪ መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ ከጎሚስታ ቤት የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አምቦ ላይ ለተቃውሞ ጎማ አቃጥለን መንገድ የዘጋንበት ቀን ትዝ አለኝ። ጎረቤታችን ኦቦ ደረሰ በወጣትነታቸው «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉ ሽማግሌ ነበሩ። ሲመጡ የሚቆጡን መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን የደረደርነው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ እኛም ዘግተነው ነበር» አሉ።

«ታዲያ ማን ከፈተው?» አልኳቸው።

«እኛው ራሳችን። ልጅ ተወለደ፤ ገበያ መሄድ ነበረብን።»

በልቤ ናቅኋቸው። ተኩስ ተሰምቶ ሁላችንም ስንሮጥ ግን እሳቸው ከተቀመጡበት አልተነሱም። ደክሟቸው ይሁን ደፍረው፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አሁን አስተማሪ ነኝ። አብራኝ ለቆመችው ተማሪዬ ይህን ስነግራት፣ «ቲቸር፣ ዛሬ ቢሆንስ እርስዎ መንገድ ሊዘጉ ይወጡ ነበር?» አለችኝ።

አውቶቡሱ መጣ። ወንበር እንዳያመልጠኝ ተጋፍቼ ገባሁ።