ኮምቦልቻ ያደረው የባሕር ውሃ

ዱዓ ሳደርግ ከማልረሳቸው ሰዎች አንዱ፣ አንድ ሌሊት ብቻ እኛ ቤት ያደረ እንግዳ ነው።

በሩቅ አገር የኑክሌር ማመንጫ የፈነዳ ዓመት ኮምቦልቻ፣ በአክስቴ አልጋ ቤት እሠራ ነበር። ሬድዮው ብዙም አላወራም፤ ወሬውን ያመጡልን የአሰብ ሾፌሮች ናቸው። መርዙ ከዝናብ ጋር ወርዶ ባሕር ገብቷል፣ ዓሣውም ጨውም ተበክሏል አሉ። ወንድሜ አሰብ፣ ጨው ማምረቻ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ምሳውም ራቱም ዓሣ። እናቴ ቦሩ ሜዳ ሆና ባገኘችው መንገደኛ ሁሉ «ልጄን አስመጡልኝ» እያለች ትልካለች። እሱ ከመጣ ደግሞ ቤቱን የሚደጉም ሌላ ሰው አልነበረንም።

በዚያ ሰሞን ባሕር የሚያጠና አንድ ወጣት ከአሰብ ሲመለስ መኪናው ተበላሸበትና እኛ ዘንድ አደረ። ሦስት ጀሪካን የባሕር ውሃ ይዟል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁ፣ እንግዳ ፊት ቀና የማልል ልጅ ነበርኩ። ራት ሳቀርብለት ግን ወንድሜ ትዝ አለኝና «ባሕሩ ተመርዟል?» አልኩት፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«አላውቅም፣ እህቴ» አለኝ። «ሳይለካ ተመርዟል የሚልም፣ ደህና ነው የሚልም ገማች ነው። መርዝ ገብቶ ውሃው ቢያቀጥነው እንኳ ጭቃው ላይ ሊረጋ ይችላል። ትልቁ ዓሣ ትንሹን ሲበላ ደግሞ በሥጋው ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ከዳሩም ከጥልቁም የቀዳሁት።»

የተማረ ሰው «አላውቅም» ሲል የሰማሁት ያኔ ነው። ከሾፌሮቹ ወሬ ሁሉ ይልቅ ያ መልስ አረጋጋኝ።

ጀሪካኖቹን ለአክስቴ አማና ሰጥቷት ተኛ። አክስቴ ደግሞ የሰው አማና ሳይጎድል ካልመለሰች የማይሆንላት ሴት ናት። ሱብሒ ሰግዳ ስትነሣ አንዱ ጀሪካን አንጠባጥቦ ጎድሎ አገኘችው። እኔ ስደርስ ከቧንቧ ቀድታ እስከ አፉ ሞልታዋለች።

«ምነው እትዬ! ምን አደረጉ?»

«የእንግዳ አማና ጎድሎ ይመለስ? ደግሞ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ከዚያ ጨዋማ አይሻልም?»

«የሚለካው እኮ የባሕሩ ነው።»

ደነገጠች። «ወላሂ፣ በምን ፊቴ ልንገረው? አንቺ ንገሪልኝ።»

ወጣቱ ከሾፌሮች ጋር ቁርስ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ወንድ አልፎ መግባት ለእኔ እንደ ተራራ ነው። ዝም ብል ግን የቧንቧችን ውሃ ተለክቶ «ባሕሩ ደህና ነው» ሊባል፣ ወንድሜም ያን አምኖ ሊበላ ነው። ሻሼን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ገባሁና ነገርኩት።

«የኮምቦልቻ ቧንቧ ቀይ ባሕር ገባ በሉኛ!» ብሎ አንዱ ሾፌር ሳቀ።

ወጣቱ አልሳቀም። እጁን ታጥቦ ተነሣና ጀሪካኑን በከሰል ምልክት አድርጎ ለብቻው አስቀመጠው። «የዳሩ ነው፤ እዚያ የቀሩት ጓዶቼ እንደገና ይቀዱታል። ባትነግሪኝ ኖሮ ግን ለአገር ሁሉ ውሸት አወራ ነበር።»

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ «አፉ በለኝ፣ ልጄ» አለችው።

«አፉ ብያለሁ፣ እማማ። አማናዬንማ ከነትርፉ መለሱ!»

ያኔ እሷም ሳቀች። እኔንም አልተቆጣችኝም።

ክረምቱ ሲወጣ በሾፌር ቃል ላከልን፦ በቀዱት ውሃም በያዙት ዓሣም የሚያሰጋ ነገር አላገኙም፤ መለካቱ ግን ይቀጥላል። ቦሩ ሜዳ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት።

«ማን አለ? ሾፌር?»

«የለካው ሰው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ለወንድሜ የሚላክ በሶ ልታዘጋጅ ገብስ ማመስ ጀመረች።