ከማል የመሰከረብኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐያት የኬሚስትሪ ደብተሯን ይዛ መጣችና ውሃና አልኮል ከተቀላቀሉ በኋላ እንዴት እንደሚለያዩ ጠየቀችኝ። ሲሞቁ አልኮሉ ቀድሞ ይተናል፣ እንፋሎቱን በቀዘቀዘ ቱቦ ስታሳልፊው ተመልሶ ፈሳሽ ሆኖ ይንጠባጠባል አልኳት። ገብቷት ሄደች። እኔ ግን እዚሁ ኮምቦልቻ፣ በረንዳዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ሐሳቤ ሽቅብ ወደ ደሴ ወጣ።

አስራ አንደኛ ክፍል ነበርን። እኔ ከኩታበር፣ ከማል ከሩቅ ቆላ መጥተን ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተናል። እናቴ የምትልከውን በሶ በአንድ ጣሳ በጥብጠን እንጠጣለን። ከማል አገሩ ስለሚርቅ አረፋን እኛ ቤት ነበር የሚያከብረው፤ አባቴም ሁለተኛው ልጄ ይለው ነበር።

የኬሚስትሪ መምህራችን የቤተ ሙከራውን ቁልፍ እኔ ዘንድ ይተው ነበር። አንድ እሁድ ከማል ለፈተና ልለማመድ ብሎ ለመነኝና ሰጠሁት። ሰኞ ቤተ ሙከራው አረቄ አረቄ ይሸታል፤ ማቀዝቀዣው የብርጭቆ ቱቦ ተሰብሯል። ቁልፍ ያዡ እኔ ነኝና አባትህን አምጣ ተባልኩ። ከማል እያለቀሰ፣ ጓደኞቹ ጠላ አምጥተው አረቄ እናውጣ እንዳሉት ነገረኝ።

«አባባ ሲመጡ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ አንተ ዝም በል» አለኝ። ዝም አልኩ።

አባቴ በማግስቱ የበልግ ዝናብ ጋቢውን አርሶት ደረሰ። ዳይሬክተሩ ሁሉንም ነገረው። የመጠጥ ሽታ ደጁን ረግጦ የማያውቅ ሰው ነበር። እኔን አላየኝም፤ ወደ ከማል ዞረ።

«ከማል ልጄ፣ አላህን ፈርተህ ንገረኝ። ሰይድ ነው?»

ከማል ጫማውን አየ። «እሱ ነው አባባ። አይቸዋለሁ።»

ያን ጊዜ ተናገርኩ፣ ማልኩም። ግን እስከዚያች ሰዓት ዝም ብሎ የቆየን ሰው መሐላ ማን ይቀበለዋል?

ለዓመቱ ከትምህርት ታገድኩ። አባቴ ወደ ኩታበር ይዞኝ ተመለሰ። እራት ሲቀርብ ለእኔ ለብቻዬ እንዲሰጠኝ እናቴን አዘዛት። አጥንት ያለበት ወጥ ነበር፤ ጥግ ይዤ ለብቻዬ በላሁ። ዓመቱን እንዲያ በላሁና የቀረውን ትምህርት ኮምቦልቻ ጨረስኩ።

አባቴ ሲሞት ከማል ለቅሶ መጣ፤ ከእኛ በላይ አለቀሰ። ቢያንስ ለእናቴ እውነቱን ይነግራታል ብዬ ጠበቅሁ። በላ፣ ዱዓ አደረገ፣ ሄደ።

ዛሬ ደሴ ሱቅ አለው። ስንገናኝ አቅፎ ሰላም ይለኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ። የጠፋብኝን ዓመት ትቼለታለሁ። አባቴ ግን ልጄ አረቄ አውጪ ነው ብሎ እንዳመነ ተቀበረ፤ ይህን የምተውበት ልብ እስካሁን አላገኘሁም።