በክላሱ ውስጥ ያስቀረኋት መስመር

ኮድ ማሳጠር አመሌ ነው። ሌላው በአሥር መስመር የሚጽፈውን በአንድ ካልጨረስኩ ደስ አይለኝም። ሶዶ ላለ አንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም ስንሠራም አመሌ አልለቀቀኝም። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ፣ የቀጠሮ ካርድ በሚያትመው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ክላስ በምንለው ውስጥ፣ አንዲት አጭር ኤክስቴንሽን ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ ብቻ የምትሠራ የትእዛዝ መስመር፣ ጻፍኩ። ሥራዋ ቁጥሩን ወደ እኛ ሰዓት መለወጥ ነው፤ የፈረንጁን የጠዋት ስምንት፣ ሁለት ታደርገዋለች። ክላሱ ውስጥ ስለተጻፈች ሌላው የፕሮግራሙ ክፍል አያውቃትም። እኔ ደግሞ በዚህች ጥንቃቄዬ እኮራ ነበር።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ፣ "ወደ ውጭ አውጣት እንጂ፣ ለሁላችንም ትጠቅማለች" ብላኝ ነበር። "ቤቷ እዚያ ነው፣ አታፈናቅያት" ብዬ ቀለድኩባት። በኋላ ለታካሚዎች የስልክ መልእክት የሚልከውን ክፍል እሷ ጻፈችው። ያቺን መስመር ረስታት፣ ካርዱ ላይ ሰዓቱ ልክ ሆኖ ስላየችው፣ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው ቁጥር የእኛው ሰዓት መስሏት እንዳለ እንዲላክ አደረገች። ሥራዋን መመርመር የእኔ ድርሻ ነበር። ማጠሩን አደነቅኩና አሳለፍኩት።

የዓይን ሐኪሙ ከሩቅ የሚመጣው አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ ለእሱ ታካሚዎች የሚጠሩት በካርድ ሳይሆን በስልክ መልእክት ነው። በመጣበት ጠዋት አንድም ታካሚ አልነበረም። ጠብቆ ጠብቆ ተመለሰ። ክሊኒኩ ደውሎልን ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሆኖ ግቢው በሰው ሞልቷል። መልእክቱ "ስምንት ሰዓት" ብቻ ነበር የሚለው። የሐበሻ ቀጠሮ እያልን ከምንቀልድበት ሕዝብ ያን ቀን አንድም ሰው አላረፈደም። አፈርኩ።

ከገሱባ በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ የመጡ አንድ እናት ስልካቸውን ሰጡኝ። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሌላውም እየተከተለ ነው።

"እስቲ አንብብልኝ ልጄ። ዓይኔ አሳስቶኝ ይሆናል።"

"ስምንት ነው የሚለው እማማ። ዓይንዎ ልክ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"አንተ ምን አደረግህ?"

ክላስ ብዬ፣ ፈንክሽን ብዬ ምን ልንገራቸው? "ሰዓቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። አላመኑኝም።

"ተው እንጂ፣ ለእኔ ብለህ ጥፋት አትሸከም" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ዓይኔን እኔ አውቀዋለሁ።"

ከዚያ የክሊኒኩን ደረጃ በእግራቸው ጫፍ እየዳሰሱ መውረድ ጀመሩ።