ሲኞራ ጸዳለና የባሕሩ መንገድ

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ስድስት ወር ስለሆነኝ መሪውን ጥብቅ አድርጌ ነበር የምይዘው። አክስቴ እትዬ ጸዳለ ሮም ውስጥ ለብዙ ዓመት አንዲት አሮጊት «ሲኞራ»፣ ማለትም እመቤት፣ ሲጦሩ ኖረዋል። ሲኞራዋ በግንቦት ዐረፉ። የሟቿ ልጆች ደግሞ ሚላን ላሉ ሌላ አሮጊት «ፊሳ» ሆነው እንዲገቡ፣ ማለትም እዚያው እያደሩ እንዲሠሩ፣ ጠየቋቸው። መልስ መስጠት ነበረባቸው። እኔ ግን እዚያው ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር ባለው ቤቴ አብረውኝ እንዲኖሩ እፈልግ ነበር። ይህን ቤት ውስጥ ባነሳባቸው ሳህን ማጠብ ይጀምራሉ። መኪና ውስጥ የሚታጠብ ሳህን የለምና ጉዞ አቀድኩ፤ በአውሬሊያ መንገድ ባሕሩን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ዓሣ፣ ወይን፣ መጨረሻ ላይ የኦርቤቴሎ ወፎች።

ቀኑን የመረጥኩት ጣሊያኖች ለእመቤታችን ዕርገት ሥራ የሚዘጉበትን ፌራጎስቶን ነው። አሎራ፣ እንግዲህ፣ የረሳሁትን ነገር አክስቴ ቀበቷቸውን ካሰሩ በኋላ አስታወሱኝ።

«ዓሣ ቤት ነው ያስያዝሽው? በፍልሰታ?»

ለዚያችው ለአንዷ እመቤታችን እነሱ ሲበሉ እኛ ገና ሳምንት ጾም ይቀረናል። ጉዞው ይቅር ልል ስል፣ «ባሕር ማየት ጾም አያስገድፍም፤ ንጂ» አሉኝ። እኔም አፍሬ አብሬያቸው ጾምኩ።

ሳንታ ሴቬራ

ባሕሩ ዳር ያለው ጥንታዊ ግንብ እግሩን ውኃ ውስጥ የነከረ ይመስላል። አክስቴ ከሲኞራዋ ጋር በየበጋው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዱ ነበር፤ ግን ሲኞራዋን ጃንጥላ ሥር አስቀምጠው ክሬም ሲቀቡ ባሕሩን አላዩትም። አሁን ቁጭ ብለው አዩት።

ካፓልቢዮ

ከታጨደው የስንዴ ማሳ በኋላ የወይን እርሻው ይጀምራል። መንገድ ዳር አንድ ሣጥን ኮክ በአምስት ዩሮ ገዛን። ወይን ጠጅ የሚሸጠው ሰውዬ ቬርሜንቲኖ የሚሉትን ነጭ ወይን ሊያስቀምሰን ቀዳ። እሳቸው ጾመኛ፣ እኔ ሹፌር፤ ቀማሽ ጠፋ። አንድ ጠርሙስ ገዝተን ለጾም መፍቻ ከኋላ አስቀመጥነው።

ኦርቤቴሎ

ምግብ ቤቱ ከሐይቁ ዳር ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ጠረጴዛውን ያስያዝኩት በአክስቴ ስም ነው። ባለቤቱ ብቅ ብሎ «ሲኞራ ጸዳለ» ብሎ ተጣራ። አክስቴ ዘለው ተነሡና እንደ ድሮው ክንዷን ይዘው የሚደግፏትን አሮጊት ፍለጋ ወደ ኋላቸው ዞሩ።

«ሲኞራዋ የት አሉ?»

«እርስዎን እኮ ነው።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ባለቤቱ ስለ ጾሙ ስነግረው እናቱም ይጾሙ እንደነበር አጫወተን፤ ባቄላ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ሠርቶ አመጣልን። አስተናጋጁ ሳህኑን እስኪያነሳላቸው ድረስ የአክስቴ እጅ ራሱ ሊያነሳ እየቃጣው አላርፍ አለ።

ሐይቁ ውስጥ ፍላሚንጎዎች በአንድ እግራቸው ቆመዋል። አክስቴ ቡልቡላ ነው ያደጉት። «እነዚህን እዚያ አጠገባችን አብያታ ሐይቅ አውቃቸዋለሁ፤ እዚህም መጥተው ሥራ ፈተዋል» ብለው ሳቁ። ደስ ባላቸው ሰዓት ጠየቅኳቸው።

«ሚላን አይሂዱ። እኔ ጋ ይሁኑ።»

ወደ ወፎቹ እያዩ መለሱልኝ። «የሰው ቤት በቅቶኛል፣ ልጄ። ያንቺም ቢሆን የሰው ቤት ነው።»

ወደ ሮም ስንመለስ እስከ ታርኩዊኒያ ድረስ ከሣጥኑ ኮክ እያወጣን በላን። የሰለቻቸው ሥራው መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንግድነቱ ነው። ፒኜቶ ደርሰን መኪናውን ካቆምኩ በኋላ ደግሜ ተናገርኩ። ኪራዩን ለሁለት እንክፈል፣ በረንዳ ያለውን ክፍል እርስዎ ይያዙ፣ ቁልፍም ይኑርዎት አልኳቸው።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አስብበታለሁ» አሉ።

ጾሙ በተፈታ ዕለት ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። ወደ ላይ ከመውጣታቸው በፊት በሩ ላይ ካለው ደወል አጠገብ፣ ከስሜ ሥር፣ በወረቀት የጻፉትን ስማቸውን ለጠፉ። ወረቀቱ እንዳይነቀል በአውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ ተጫኑት፤ ከዚያ በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው ገቡ።