ነዳጅ የሚለውን ቃል ሳንጠራ እስከ ሱሉልታ

ሰበታ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ሴት ለሽምግልና አትሄድም። ወጉን አውቀዋለሁ፣ አልተከራከርኩም። ግን ሽማግሌዎቹን ሱሉልታ የምታደርሰው መኪና የእኔ ናት፤ እሷ ደግሞ ከእኔ እጅ በቀር አትነሳም። ስለዚህ ወጉም ተከበረ፣ እኔም ሄድኩ።

መኪናዋ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታክሲ ይሠራባት የነበረች ናት። የቤንዚን መለኪያ ጌጇ ከሞተ ቆይቷል። ስንት እንደቀራት ለማወቅ ኋላዋን በሁለት እጄ እወዘውዝና ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ቦጭ ቦጭ ካለች ደህና ነን። ዛሬ ጠዋት አንዴ ቦጭ ብላ ዝም አለች።

"ምን አለች?" አሉኝ ጋሽ ተሰማ፣ አዲስ የታጠበ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ትንሽ አላት።"

"ትንሽ ማለት ስንት ነው?"

ጋሽ ተሰማ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዋጋ ቁጥጥር ሠራተኛ ነበሩ። ትንሽ የሚባል ነገር አይገባቸውም።

ጉዳዩን ላስረዳችሁ። ወንድሜ ሳምሶን ቧንቧ ሊሠራ ሱሉልታ ሄዶ ለሊሴ የምትባል ልጅ ወድዶ ተመለሰ። ሽማግሌ ላክን። የመጀመሪያው ጊዜ ለወግ ነው፣ ማንም አይሰጥም፤ አባቷ ኦቦ ደበላም "ዘመድ ላማክር" ብለው መለሱን። ሁለተኛው ላይ ግን ነገር ተበላሸ። ኦቦ ደበላ ሠላሳ ዓመት ከጅቡቲ ነዳጅ በቦቴ ያመላለሱ ሰው ናቸው። ጋሽ ተሰማ እዚያ ቤት ቆመው፣ ልጅቷን ገና ሳይጠይቁ፣ የነዳጅ ዋጋ ለገበያ ይለቀቅ የሚሉትን ሰዎች መውቀስ ጀመሩ። ከሰበታ አብረዋቸው የሄዱት ኦቦ ገመቹ፣ ባለ ወፍጮ ቤቱ፣ ይለቀቅ ብለው መለሱ። እሳቸው እንዲህ፣ እኚያ እንዲያ ሲባባሉ ኦቦ ደበላ ተነሡ።

"የበረሃውን ሙቀት ስንት ብላችሁ ትተምኑታላችሁ?" አሉ። "ልጅ ልትጠይቁ መጥታችሁ ነዳጅ ታስተምሩኛላችሁ? ሦስተኛ ኑ፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት። ከዚያ ወዲያ በሬን አታንኳኩ።"

ቅዳሜ ዛሬ ነው። ሳምሶን ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም።

መኪና ከማስነሳቴ በፊት ሁለቱንም አስማልኳቸው። ነዳጅ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ቤንዚንም፣ ናፍጣም። ሱሉልታ ላይ እንዳያመልጣቸው ከአሁኑ ይለማመዱ አልኩ።

አለምገና፣ ከጠዋቱ 1፡30

ከቡታጅራው መገንጠያ አለፍ ብሎ ያለው ማደያ ሰልፉ አስፋልቱን ይዞ ታጥፏል። ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ ድንጋይ የጫነ መኪና፣ እንደገና ባጃጅ። አንዱ ሹፌር ኮፈኑ ላይ ሽንብራ ቆሎ ዘርግፎ ለጎረቤቱ ያካፍላል። ቆምን። መቆም ደግሞ ለሁለቱ ሽማግሌዎች ጥሩ አይደለም።

"ያ ነገር፣" አሉ ጋሽ ተሰማ ሰልፉን በከዘራቸው እያሳዩ፣ "ልጓም ካልተደረገለት ይጋልባል።"

"የጤፍን ልጓም ማን ያዘ?" አሉ ኦቦ ገመቹ ከኋላ። "ማንም! ግን ገበያ ሄጄ ጤፍ የለም ተብዬ አላውቅም። ልጓም የተደረገለት ያ ነገር ግን ይኸው፣ ሰልፉ ብቻ ነው ያለው።"

"ጤፍማ አለ። ብር ላለው አለ። ለሌለው "የለም" ከመባል በምን ይለያል?"

እኔ የመጨረሻው ተናጋሪ ሁልጊዜ ልክ ይመስለኛል። ስለዚህ በየተራ አንገቴን እነቀንቅላቸው ነበር።

"ደግሞም፣" አሉ ጋሽ ተሰማ፣ "ኦጋዴን ውስጥ ያ ነገር ሞልቶ ተኝቷል። ነገ የራሳችን ሲወጣ በገበያ ዋጋ ለራሳችን ልንሸጥ ነው?"

"ተሰማ! ሊወጣ ነው፣ ሊወጣ ነው እየተባለ የእኔ ጥርስ ወጥቶ ረገፈ።"

ይህን ጊዜ ቀጂው ብቅ ብሎ እጁን አራገበ። "አልቋል! ቦቴ እየመጣ ነው!"

"የት ደርሷል?" ብዬ ጮህኩ።

"መንገድ ላይ ነው።"

"የትኛው መንገድ?"

"የሚመጣበት።"

ስልኬ ጮኸ፣ ሳምሶን ነው። "ሰጡን?"

"ኧረ አንተ ልጅ፣ ገና አለምገና ነን!"

ከሰልፉ ወጣን። ምርጫ አልነበረንም፤ ሦስተኛውን ሽማግሌ ከቡራዩ ማንሳት አለብን፣ ሰዓቱ ደግሞ ለማንም ብሎ አይሰለፍም።

ቡራዩ፣ 2፡45

በቀለበት መንገዱ ዞረን፣ በአስኮ በኩል ወጥተን ቡራዩ ስንገባ ሐጂ ከድር ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። ኦቦ ደበላ ከእኛ ወገን የሚያከብሯቸው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሁለተኛው ጊዜ አሟቸው ባይቀሩ ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

"አካም ቡልተን! እንዴት አደሩ?" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"ነጋያ፣ ደህና። ምነው ፊታችሁ ጠቆረ?"

"ያ ነገር ሊያልቅብን ነው፣ ሐጂ።"

ሐጂ ከድር ደንግጠው አንድ በአንድ አዩን። "የማን? መድኃኒት ነው?"

ወርጄ ሁሉንም ዝም አሰኘሁና መኪናዋን ወዘወዝኩ። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ በቅሎ ጎታችና ሁለት ዶሮ ገዢ ሴቶች አብረውኝ አዳመጡ። ምንም።

"ደርቃለች፣" አለች አንዷ ዶሮ ገዢ፣ ሐኪም ይመስል። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እዚያ ጥግ ድንች የምትሸጠውን ጠይቂያት።"

ድንች ሻጯ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴትዮ ናት። "እህት፣ ድንች ነው?" አለችኝ። "ነው" አልኳት። "ስንት ሊትር?"

ከድንቹ ጆንያ ሥር የውሃ ፕላስቲኮች ተደርድረዋል፣ ወርቅ የመሰለ ቢጫ።

ጋሽ ተሰማ ከመኪናው ወርደው ነበርና አዩት። "ሕገወጥ ነው!" አሉ። "በዚህ ዓይነት ያ ነገር አይገዛም። ብሞትም በፕላስቲክ አልሄድም።"

"ተወው ባክህ!" አሉ ኦቦ ገመቹ እጃቸውን እያሻሹ። "ገበያ ይሉሃል ይሄ ነው። ሻጭ አለ፣ ገዢ አለ። አንቺ፣ አንዱ ስንት ነው?"

ነገረቻቸው። ከማደያው ዋጋ እጥፍ ነው።

ኦቦ ገመቹ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ሊከራከሩ ሲሉ አንድ ባጃጅ ቆሞ ሳይጠይቅ ሁለት ፕላስቲክ አንስቶ ከፍሎ ሄደ። ሴትዮዋ የባጃጁን ጭስ እያየች፣ "አሁን ጨምሯል" አለች።

"ምን? እዚህ ቆሜ እያየሁሽ?"

"ሁለት ብቻ ቀሩኝ፣ አባባ። አልዋሽዎትም።"

"ይሄ ዘረፋ ነው!" ብለው ኦቦ ገመቹ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። "ተቆጣጣሪ የለም እንዴ በዚህ አገር? መንግሥት የት ሄደ?"

ጋሽ ተሰማ ወደ ሰማይ አዩ። ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ፣ በጋቢያቸው ተከልለው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ለሴትዮዋ ብር ሰጧት።

"ዝም ብለህ ግባ፣ ገመቹ" አሉ። "አራት ሰዓት ነው የተባልነው።"

እኔ ሁለቱንም ፕላስቲክ እንውሰድ አልኩ። ኦቦ ገመቹ "አንዱ ይበቃል፣ ሌባ አናደልብም" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ማንቆርቆሪያ ስላልነበረን ጋሽ ተሰማ አሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ጋዜጣው መሃል ላይ ተቀደደና ከሊትሩ ጭልፋ ያህሉ በነጩ ጋቢያቸው ላይ ወረደ። ሳሙና ሳሙና ይሸቱ የነበሩት ሰው ማደያ ማደያ ሸተቱ። መስኮቱን ከፍተን ሄድን።

የእንጦጦ ዳገት፣ 3፡40

ከአዲሱ ገበያ ወዲያ መንገዱ ይጠማዘዛል። ባሕር ዛፍ በግራ፣ ባሕር ዛፍ በቀኝ፣ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል፣ እኛ ሽቅብ። ሐጂ ከድር ዚክራቸውን ይዘዋል። መኪናዋ እንደ አስም ሕመምተኛ ትንፋሽ ቆረጥ ታደርጋለች። ጋሽ ተሰማና ኦቦ ገመቹ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተስማምተዋል። ሁለቱም ሳያስቡት ሰውነታቸውን ወደ ፊት አዘንብለው ይገፏታል፣ ተቀምጠው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ሞተሩ አንዴ አስሎ ጠፋ።

"ምን ሆነች?"

"ያ ነገር" አልኩ።

ደግነቱ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ፍሬን ላይ እግሬን አድርጌ፣ ማርሹን ነፃ አውጥቼ ለቀቅኳት። የሱሉልታ ሜዳ ከታች ተዘረጋ፤ የድርቆሽ ክምር፣ ላሞች፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ብልጭታ፣ ፊት የሚገርፍ ብርድ። ድምፅ የለም፣ የጎማ ሹክሹክታ ብቻ።

"ይኸው!" አሉ ኦቦ ገመቹ ተደስተው። "ያለ ያ ነገር መሄድ ይቻላል!"

"ቁልቁለት እስካለ ድረስ" አሉ ጋሽ ተሰማ።

ሱሉልታ፣ 4፡35

ቁልቁለቱ ከኦቦ ደበላ ግቢ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው አለቀ። ከዋናው መንገድ የሚገባው ጥርጊያ ደግሞ ትንሽ ሽቅብ ነው። መኪናዋን መንገድ ላይ ትተን በእግር እንሂድ ብዬ ነበር፤ ጋሽ ተሰማ "ሽማግሌ በእግሩ ደረሰ ከሚባል ገፍቶ ደረሰ ይባል" አሉ። የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አልገባኝም። እኔ መሪ ያዝኩ። ሦስቱ ገፉ። ጋቢው፣ ጥምጥሙ፣ ባርኔጣው በመስታወት ውስጥ ላይ ታች ይላል።

ቀና ስል ኦቦ ደበላ በራቸው ላይ ቆመዋል። ረጅም፣ ደረቅ፣ ክንዳቸው እስካሁን የቦቴ መሪ የያዘ የሚመስል ሰው።

ሐጂ ከድር ትንፋሻቸውን ሰብስበው ሰላምታና ምርቃት አወረዱ። ኦቦ ደበላ አጸፋውን መለሱና፣ "አራት ሰዓት ነበር ያልኩት" አሉ።

ሦስቱም መኪናዋን አዩ። ምክንያቱን ለመናገር ያንን ቃል መጥራት ሊኖርብን ነው።

ኦቦ ደበላ መኪናዋን ዞሯት። አፍንጫቸውን ወደ ጋሽ ተሰማ መለሱ። "ጋቢዎ ምን ነካው፣ አቶ ተሰማ?"

"ዝናብ ነው" አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ፀሐይ ዓይናቸውን እያጥበረበረው።

"ዝናቡ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።"

ኦቦ ደበላ ዞር ብለው ወደ ግቢያቸው ገቡ። በሩ ገርበብ አለ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ በሆዴ። ሳምሶን ትዝ አለኝ፤ ያ ቧንቧ እንጂ ሌላ የማያውቅ ልጅ ለዚህች ልጅ ሲል ሸሚዝ መተኮስ ተምሯል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አላነሳሁትም።

በሩ ተከፈተ። ኦቦ ደበላ ቢጫ ጀሪካንና የመቅጃ ጎማ ይዘው ወጡ። አሁን ይበልጥ ፈራሁ። እንግዳን ማስወጣት ሲፈልጉ መንገዱን ያሳምሩለታል፤ መመለሻችንን ሊሞሉልን ነው።

የመኪናዋን የቤንዚን ክዳን ከፈቱ። አንዲት ጠብታ መሬት ሳትነካ ያወርዱት ጀመር። "ልጅም ስጡን፣ ነዳጅም ስጡን" እያሉ ያጉተመትማሉ። "ሽማግሌ ነኝ ብሎ እንዲህ ዓይነት አላየሁም።"

እኔ ጋሽ ተሰማን አያለሁ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አርባ ዓመት የሰው ሚዛን ሲፈትሹ የኖሩ ሰው ዋጋው ያልታወቀ ነገር ሲቀዳላቸው ማየት አልቻሉም። ዓይኔን አፈጠጥኩባቸው። ኦቦ ገመቹ በከዘራ ቁርጭምጭሚታቸውን ነኳቸው። አልሆነም።

"ኦቦ ደበላ፣" አሉ ጋሽ ተሰማ፣ "ይህ ነዳጅ... ሊትሩ በስንት ይታሰባል?"

ጎማው ተቆለመመ። ኦቦ ደበላ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

"በመንግሥት ዋጋ ላስብልዎት ወይስ በገበያ?"

ከጠዋት ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ ከአንድ መጽሐፍ የማያንስ የተናገሩ ሁለት ሰዎች መሬት መሬት አዩ። ኦቦ ገመቹ እንኳ "ገበያ" አላሉም።

ኦቦ ደበላ ክዳኑን ገጠሙ፤ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

"ለዘመድ ዋጋ አይነገርም" አሉ።

መጀመሪያ የገባቸው ለሐጂ ከድር ነው። "አልሐምዱሊላህ!" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ኦቦ ገመቹ ጋሽ ተሰማን በዚያው በነዳጁ ጋቢ ላይ አቀፏቸው። ጋሽ ተሰማ ብቻ "ዘመድ ማለት ስንት..." ብለው ጀምረው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ተዉት።

"ግቡ እንግዲህ" አሉ ባለቤቱ። "ወጉ አልቀረም፣ እቤት ቆማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፣ እኔም ጥቂት እግደረደራለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ እንደ ወጉ መሪዬን ይዤ ቀረሁ። ኦቦ ደበላ ተመልሰው መጡና መስኮቴን አንኳኩ።

"አንቺ ነሽ የነዳሽው?"

"አዎ። ሴት ለሽምግልና ስለማትገባ እዚሁ..."

"ሽማግሌ አላልኩሽም፣ ሹፌር ነሽ። ሠላሳ ዓመት የሰው ደጅ ላይ፣ መኪና ውስጥ አድሬያለሁ። እኔ ቤት ሹፌር ውጭ አይቀርም። ውረጂ።"

መውረዱ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ የበሩን እጀታ አጣሁት።

ሰበታ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

አለምገና ማደያ ስንደርስ ሰልፉ እዚያው ነው፤ ባለ ሽንብራ ቆሎውም እዚያው። ቀጂው እጁን ያራግባል። ኋላ መቀመጫ ላይ ክርክሩ ከቆመበት ቀጥሏል፤ አሁን ነዳጅን በስሙ እየጠሩ፣ ሁለቱም በእፎይታ። ሐጂ ከድርን ቡራዩ ስናወርድ "ያ ነገር ይሻላል፣ ድምፃችሁ ዝቅ ይል ነበር" ብለውናል።

ሳምሶን ሰፈር ጥግ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። መኪናዋ ሳትቆም መስኮቱን ያዘ፣ ሸሚዙ ተተኩሷል።

"ሰጡን?"

ወርጄ መኪናዋን ወዘወዝኩለት። ቦጭ ቦጭ ቦጭ አለች።

"ሁለቱንም" አልኩት።