ውስጥ እግር

ሕመሙ የጀመራቸው ሰሞን አባቴ «ማታ ማታ ፍም ላይ ያቆሙኛል» ይሉ ነበር። እነማን እንደሚያቆሟቸው አይናገሩም። የሚነድደው ውስጥ እግራቸው ነው፤ ብርድ ልብስ ሲነካው እንኳ ይለበልባቸዋል። በጋይንት ብርድ ሰው ሁሉ ጋቢ ሲደራርብ እሳቸው እግራቸውን ከመደቡ ውጭ አንጠልጥለው ይተኙ ነበር።

አባቴ የአቋቋም መምህር ናቸው። አቋቋም ዜማው ከእግርና ከመቋሚያ ጋር አብሮ የሚሄድበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ላልተማረ ሰው ሽማግሌዎች ወዲያና ወዲህ የሚሉ ብቻ ይመስለዋል፤ ለተማረው ግን ተረከዝ መቼ እንደሚነሣ፣ ጣት መቼ እንደሚያርፍ የተወሰነ ነው። ስሙም ከመቆም የመጣ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጀራቸውን የበሉት በእግራቸው ነው ማለት እችላለሁ፤ ያውም በባዶ እግር፣ ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ጫማ አድርጎ የሚቆም የለምና። ስለዚህ ሕመሙን የሙያ ሕመም አድርገው ቆጠሩት። «ሸማኔን ወገቡን ያመዋል፣ ቁም ጸሐፊን ዓይኑን፣ እኔን ደግሞ እግሬን፤ ምን ይደንቃል?» ይሉ ነበር። ሙቅ ውኃ ላይ ጨው በትነው ይዘፈዝፉታል፣ ቅቤ ያሹታል፣ ጸበልም ሄደዋል።

ከዚያ አንድ መስከረም ላይ ስልክ ደውለው «ዳንሁ» አሉኝ።

«ምንም አይልዎትም?»

«ምንም! እንዲያውም መሬቱ ጥጥ ጥጥ ይለኛል። መላእክት ሲራመዱ እንዲህ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ተመስገን አልኩ።

ስኳር እንዳለባቸው የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ውኃ አልጠግብ ሲሉና ልብሳቸው ሲሰፋቸው፣ አብሮ አደጋቸው የሆኑ አንድ መሪጌታ እየጎተቱ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። «ቡና በጨው ጠጥቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ስኳሩ በየት በኩል ገባ?» ብለው ነርሷን ጠየቋት አሉ። «በንግሥ ጠላ በኩል ነው የገባ» ብለው መሪጌታ መለሱላት። እሷም ስቃ ክኒን ሰጠቻቸው፤ ከኋላቸው ብዙ ሰው ተሰልፎ ስለነበር ምክሩን ቶሎ ቶሎ ነገረቻቸው። እኔ ያን ቀን ንፋስ መውጫ ተማሪ እፈትን ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ኋላ በስልክ እየተቀባበሉ አስረዱኝ፦ ክኒኑን እንዳያቋርጡ፣ ባዶ እግራቸውን እንዳይሄዱ፣ እግራቸውን እሳት ዳር እንዳያሞቁ፣ በየማታውም ጫማቸውን እንዲያዩ።

ለመንፈቅ ዕረፍት ደብሩ ዘንድ ወዳለው ቤታቸው ሄድሁ። ጀምበር ስትጠልቅ አባቴ በራፍ ላይ ተቀምጠው የላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ። ገለበጡት፣ መታ መታ አደረጉት፣ እጃቸውን አስገብተው ዳሰሱት፣ ወደ ብርሃኑ አዙረው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ውስጡን ተመለከቱ። ከዚያ ሁለተኛውን።

«ምን ጠፋብዎ አባባ?»

«ምንም። ነርሷ ያዘዘችውን ነው።»

መሪጌታ ከጎናቸው ተቀምጠው ነበር። «በየማታው እንዲህ ነው፣ ልጄ። ዳዊቱን ሲደግም እንኳ እንዲህ አፍጥጦ አላየሁት። የታመመው ጫማው ነው እንዴ ብዬ ልጠይቀው ሁሉ ነበር።»

«ዝም በል አንተ። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው» አሉ አባቴ።

ሳቅሁ፤ ሳቄ መሃል ላይ ቀጥ አለ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከባሌ ቤት ከወጣሁ በኋላ ነው፤ አንደኛ ክፍል ስገባ መምህሩ የተማሪ እናት መስዬው «ወላጆች ውጭ ይጠብቁ» ብሎኛል። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃል ላይ ችክ ይላል። ዛሬ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ የአካል ክፍሎችን ሳስተምር «የእግር ጫማ» እያልኩ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። በመጽሐፍ አማርኛ ጫማ ሁለት ነገር ነው፤ እግር የሚጠልቅበትም፣ መሬት የሚረግጠው የእግር ሥጋም። በእኛ አገር ሰው አፍ ግን ሁለተኛው ውስጥ እግር ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ነርሷ በመጽሐፉ ቃል ተናገረች፣ አባቴ በአገራቸው ቃል ሰሙ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰነፈም።

«አባባ፣ ነርሷ ጫማዎን ስትል የቱን ነው የጠቆመችው?»

«ምኑን ትጠቁማለች? ያለኝ አንድ ጫማ ነው።»

«እስቲ ውስጥ እግርዎን ልየው።»

«ምን ታዪበታለሽ? ድኗል ብዬሽ።»

«እንግዲያው ላጥብዎ።»

ልጅ እግር ላጥብ ሲል አባት እንቢ አይልም። ውኃ ለብ አድርጌ፣ በክርኔ ፈትሼ፣ ሳፋውን አቀረብኩ። ግራ እግራቸውን አንሥቼ ጭኔ ላይ ሳደርገው ካቀረብኩት ውኃ የማይመጣ ሽታ ሸተተኝ። ከአውራ ጣቱ ሥር ቆዳው እንደ ቁርበት ጠጥሯል፤ በምላጭ የተላጨ ምልክት አለው። መሃሉ ላይ የጣት ጫፍ የሚያስገባ ጉድጓድ ነበር፤ ዳሩ ነጭ፣ ውስጡ ጠቁሯል። ዳሩን በጣቴ ነካሁት። አባቴ ከመሪጌታ ጋር ስለ ገብስ ዋጋ ያወራሉ። ጫን አልኩት። ወሬያቸውን አላቋረጡም።

«አባባ፣ አመመዎ?»

«ምኑ?»

«ነካሁዎ እኮ።»

«መቼ ነካሽኝ?» አሉና ጎንበስ ብለው እጄን ፈለጉ። እጄ እዚያው ነበር።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ያየን ሐኪም ወጣት ነው፤ እጁ ግን ረጋ ያለ። «እግር ሲያምም ደግ ነው አባቴ» አላቸው። «ሕመም ዘበኛ ነው። የርስዎ ዘበኛ ጥሎ ሄዷል። ከእንግዲህ ዓይንዎ ይጠብቅ፤ ዓይንዎ ካልደረሰ መስተዋት መሬት ላይ አድርገው ይዩት፤ እሱም ካልሆነ ልጅዎ ትይልዎ።» የጠጠረውን ቆዳ በምላጭ መላጨት፣ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶቹ መሃል እርጥበት መተው፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ከለከላቸው። ጫማው ሰፊ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ካልሲ ያለው ይሁን አለ፤ ከማድረግዎ በፊት ውስጡን ይፈትሹ ሲል አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ያን ያህልስ ልክ ነበሩ።

አውራ ጣቱን ቆረጡት። ቁስሉ እስኪገጥም ድረስ በዚያ እግር እንዳይረግጡ፣ መርዙ ወደ ላይ ከወጣ እግሩ ራሱ እንደሚሄድ ተነገረን። ወደ ንፋስ መውጫ ይዣቸው መጣሁ። ምርኩዝ ገዛሁላቸው።

መጻሕፍት ስወድ የኖርኩት ማወቅ አንድ ነገር የሚያደርግ ስለሚመስለኝ ነው። በዚያ ሰሞን ስለ እግር ያላነበብኩት የለም። ፋሻውን እንዴት እንደሚፈቱት፣ ቁስሉ በምን እንደሚታጠብ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ምን ማለት እንደሆነ ዐውቅ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን ምርኩዙ ግድግዳ ተደግፎ፣ አባቴ ግቢው ውስጥ በካልሲ ቆመው አገኛቸዋለሁ።

«አባባ! ምን ተባልን?»

«ትንሽ ነው የቆምሁ።»

«ትንሽም ቢሆን አልተፈቀደም።»

«ታዲያ ካላመመኝ ምኑን ላስታምመው?»

ቢጮሁ፣ ቢያነክሱ፣ ፊታቸው ቢከፋ ኖሮ ሕመሙ ራሱ ያስቀምጣቸው ነበር። እኔ በሕመም ቦታ ገብቼ መጮኽ ነበረብኝ፤ ድምፄ ደግሞ የሴት ልጃቸው ድምፅ ነው፤ ይሰሙታል፣ ይወዱታል፣ ያልፉታል። አንድ ቀን ወንበር በሩ ላይ ገትሬ መንገድ ዘጋሁባቸው። «ወታደር ሆንሽ?» አሉኝና ወንበሩን አነሡት። ወንበሩን ያነሡትም ቆመው ነው።

የደብሩ ንግሥ ደረሰ። ላለመሄድ እንዲምሉልኝ ብለምን እንደማይሆን ስለማውቅ፣ ተቀምጠው እንዲውሉ ተስማማን። ሰፊውን ጫማ አድርገው በባጃጅ ሄድን፤ ከመንገዱ እስከ ደብሩ በበቅሎ ወሰዷቸው። ደም የሚወጣው ቁስል ያለበት ሰው ወደ ቤተ መቅደስ እንደማይገባ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ለተማሪዎቻቸው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከዋርካው ሥር ወንበር አወጡላቸው፤ ሌሎቹ ሁሉ ሲገቡ እሳቸው ውጭ ቀሩ። መሪጌታ ሲያልፉ «ዛሬ እንደ ጳጳስ ተቀምጠህ ልትውል ነው» አሏቸው። አባቴ አልሳቁም።

ታቦቱ ወጥቶ ዑደት አድርጎ ሲቆም፣ መዘምራኑ ሜዳው ላይ ፊት ለፊት ተሰልፈው ወረቡን ጀመሩ። እኔ ከሴቶቹ ጋር በግራ በኩል ነበርኩ። አባቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው በጣታቸው ጉልበታቸውን ሲመቱ ይታየኛል። ዜማው እየፈጠነ ሲሄድ የተማሪዎቹ አንዱ ሰልፍ ከሌላው ቀደመ። ትንሽ ነው የቀደመ፤ ከሴቶቹ መካከል ያስተዋለው ያለ አይመስለኝም። አባቴ ግን ጣታቸው ቆመ። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሲፈቱ አየሁ። ታቦት ፊት በጫማ አይቆሙማ። ካልሲውንም አወለቁት። ነጩ ፋሻ ሣሩ ላይ ወረደ።

ገብተው በመሃላቸው ቆሙ። መቋሚያውን ሲያነሡ ሁለቱም ሰልፍ ወደ እሳቸው ዘወር አለና ተስተካከለ። እልልታው ደመቀ። አጠገቤ ያለች ሴት «አየሻቸው? እግዚአብሔር ማረልሽ!» ብላ ትከሻዬን መታችኝ። መሪጌታ በሰዉ ራስ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ፤ እኔም እሳቸውን። ታቦት ቆሞ ሴት ልጅ ካህናት መሃል ገብታ አባቷን በክንዱ አትይዝም። ብገባስ ምን ልላቸው? ፊታቸው በርቶ ነበር። የተወሰነችው ጊዜ ስትደርስ ግራ እግራቸውን አንሥተው ያሳርፉታል፤ ልክ በቦታው፣ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው። ፋሻው መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ፣ ከሣሩ። ከዚያ ከሥሩ ጠቆረ።

ሲጨርሱ በላብ ተጠምቀው መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ተበላሽቶ ነበር፤ ሰምተሽዋል?» አሉኝ።

«አልሰማሁም አባባ።»

«ተበላሽቶ ነበር» አሉ ደግመው፣ ረክተው።

ከዚያ ወዲህ ቁስሉ አልገጠመም። ቅላቱ ቁርጭምጭሚቱን አልፏል፤ ትኩሳትም አላቸው። ሐኪሙ በስልክ የላክሁለትን ፎቶ አይቶ ሳይዘገይ አምጫቸው፣ የሚቆረጠው ከጉልበት በታች ሳይሆን አይቀርም አለኝ። መንገዱ ደግሞ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የሰነበተ። ይህንን ለአባቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ቃሉን ሳልለውጥ፣ ሳላለዝብ ነገርኳቸው፤ የጠጠረ ቃል መርጬ ሁለት ትርጉም እንዳይኖረው ተጠነቀቅሁ።

እሺም እንቢም አላሉም። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉ። «የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ይቆረጥ ብል እኔ የቆረጥሁት ሆነ። ይቅር ብል እኔ የገደልኋቸው ሆነ። «እርስዎ እንዳሉ» አልኩ፤ አፌ ላይ የመጣው ይኸው ነው።

«እኔማ ምንም አላለኝም» አሉ፣ እግራቸውን እንደ ሌላ ሰው እግር እያዩት።

ሚኒባሱ ጧት ይነሣል ተብሏል፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ። እሳቸው ትራሱ ላይ እግራቸውን ሰቅለው ጋደም ብለዋል፤ እሺ አላሉም፣ ግን ጋቢያቸውን አምጪ ብለውኛል። ጋቢውን፣ ክኒኑን፣ ዳዊታቸውን ሻንጣ ውስጥ አስገብቻለሁ። ካልሲውን አንዱን ልክተት ወይስ ሁለቱንም፣ አላወቅሁም። ሻንጣው አፉን ከፍቶ መደቡ ላይ ተቀምጧል።